በርኑሱን ግን አይሆንም

ላባ አንዴ ከተዘረገፈ ተለቅሞ አያልቅም። ይህን የማውቀው ስለለቀምኩ ነው። ጣሪያው ላይ ለቀምኩ፣ ደረጃው ላይ ለቀምኩ፣ ከወራት በኋላም ከኤሲው ወንፊት ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ እያወጣሁ ለቀምኩ። አንድ ቀን ሱጁድ ላይ እያለሁ አንዲት ነጭ ብናኝ መስገጃዬ ላይ አርፋ ትንፋሼ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጋት አየሁና ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋብኝ። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ቆየሁ፤ አሁንም ግን አልጋ ልብስ ሳራግፍ ዓይኔ አየሩን ይፈልጋል።

ቤቱ ኦማን፣ ሙስካት ውስጥ፣ መዲናት ሱልጣን ቃቡስ የሚባል ሰፈር ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነው። እዚያ ከመግባቴ በፊት አዛይባ ሰፈር፣ ግብፃውያን ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አረብኛ ያወቅኩት እነሱ ዘንድ ነው፤ አውቄም ዝም አላልኩም፣ ኮራሁበት። የአገሬ ልጆች ከየተቀጠሩበት ቤት በድምፅ መልእክት «ማዳም እንዲህ አለችኝ፣ ምን ማለቷ ነው?» ይሉኛል፤ እኔም እንደ ቃዲ ጎሮሮዬን ጠርጌ እፈታላቸዋለሁ። ሲያሾፉብኝ «አስተርጓሚዋ» ይሉኝ ነበር። ሰው በሚያውቀው ይኮራል፤ እኔ በማላውቀውም ጭምር እኮራ ነበር።

ኮሮና ሲመጣ ቤቱ በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ጨመረ። የማዳም ልጅ ከምትማርበት ከለንደን በመጨረሻዎቹ አውሮፕላኖች በአንዱ መጣችና ፎቅ ላይ ክፍሏ ውስጥ ተዘጋባት። ምግቧን በር ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ እሸሻለሁ። በዚያው ሰሞን ማዳም መንገድ ሊዘጋ ነው ሲባል እናቷን ከባሕር ዳር መንደራቸው ከቀንጠብ አስመጣች። እኔ ማማ ዖዳ አልኳቸው፣ ትልቋ እማማ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በዓሣ አጥማጆች መሃል፣ ወደ ባሕር በተከፈተ መስኮት ሥር ሲተኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ኤሲ ሌት ተቀን የሚነፋበት ቤት ውስጥ ሲገቡ ገና ከበሩ ትከሻቸውን አቀፉ።

ይዘውት የመጡት ጓዝ ጥቂት ነው። ከልብሳቸው ሌላ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ ሁለቱም የሟች ባላቸው። ሰውዬው የመርከብ ሠራተኛ ነበሩና ከአንድ ብርዳም አገር ወደብ ያመጧቸው ናቸው። አንዱ ቆብ ያለው ወፍራም ካፖርት ነው፤ የቆቡ ጫፍ ዙሪያውን የቀበሮ ፀጉር ተሰፍቶበታል። ሌላው በላባ የተሞላ ነጭ የአልጋ ልብስ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ግን ሲያነሱት ምንም የያዙ አይመስልም። ማማ ዖዳ እሱን ለብሰው ይተኛሉ። ካፖርቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት።

ልጅቷ ፎቅ ላይ ሆና ሥራ አልፈታችም። ለንደን እያለች ከጓደኞቿ ጋር የፀጉር ካፖርትና የላባ ጃኬት የሚሸጡ ሱቆች ፊት ለፊት ሰሌዳ ይዘው ለተቃውሞ ይቆሙ ነበር። አሁን ሱቁም ተዘጋ፣ መንገዱም ተዘጋ፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ወደ ስልኳ አዛወረችው። ሙስካት ውስጥ ለአውሮፓ ተጓዦች የክረምት ልብስ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር፤ እሱን ያዘችው። ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ቪዲዮ ትሠራለች፣ አክስቶቿን ትጨቀጭቃለች። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ድንጋዩን እንኳን በሚያልበው አገር የፀጉር ካፖርት የሚገዛም፣ ስለ እሱ የምታለቅስም እዚያ ነው ያየሁት።

አንድ ቀን ትሪውን ላነሳ ስሄድ በሩን ከፈተችና ራቅ ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ሹፊ» አለች፣ እይው። ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ዝይ በጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ይዘው የደረቷን ላባ ይነጫሉ። ዝይዋ በሕይወት አለች። ትጮሃለች፣ አንገቷ ይወራጫል፣ እጁ ግን አይቆምም። ጨርሰው ሲለቋት ሥጋዋ ቀልቶ እየተደናቀፈች ሄደች።

«ሁሉም እንዲህ ነው?» አልኳት።

«ሁሉም አይደለም። ግን የገዛሽው ከየትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

እናቴ የታረደች ዶሮ መንፈራገጧ ሳያቆም ላባዋን የነካን ልጅ እጁን በማማሰያ ነበር የምትለው። «ነፍሷ ትውጣ! ምን ያስቸኩልሃል?» ትላለች። ልጅቷ ስለ ዝይዋ ታለቅሳለች፤ እኔ ዓይኔ ከእጆቹ ላይ አልተነሳም። የተቀጠረ ሰው እጅ ነበር። ጓንቱ ጣቱ ላይ ተቀዷል፣ ጥፍሩ አጭር ነው፣ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ለመያዝ ይቸኩላል። ያንን እጅ የት እንደማውቀው ታውቂያለሽ ብላት አይገባትም ነበርና ትሪዬን ይዤ ወረድኩ። ያን ቀን ግን በልጅቷ መሳቅ አቆምኩ። ያለችው ሐቅ ነው፣ ዛሬም ሐቅ ነው እላለሁ።

ከዚያ የፀጉርና የላባ ልብስ የሚቀደድበት ቪዲዮ ልትሠራ ተነሳች። ማዳም አንገት ላይ የሚጠመጠም አንድ የፀጉር ሻርፕ ሰጠቻት፣ አክስቶቿ በሾፌር የላባ ጃኬቶች ላኩ። «አሁን ደግሞ የአያቴን ጠይቂልኝ» አለችኝ። ራሷ እንዳትወርድ ተከልክላለች፤ ገና ከውጭ የመጣች ናት፣ ማማ ዖዳን ብታስይዝስ? ስለዚህ መልእክተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ማማ ዖዳ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየቆጠሩ ተስቢሕ ያደርጉ ነበር። ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ፣ ዝይዋ ምን እንደሆነች፣ ቀበሮዎቹም በሽቦ ሣጥን እንደሚያድጉ በቻልኩት ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። «ሐራም» አሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን በክፍሉ ላይ ዞር አድርገው እንዲህ አሉኝ፤

«አዕጢሃ ኩል ሼይ። በስ በርኑሲ ላ።»

ሁሉንም ስጫት፣ በርኑሴን ግን አይሆንም።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! በርኖስ የኔ አገር ቃል ነው። የኛ ሽማግሌዎች ብርድ ሲሆን ትከሻቸው ላይ የሚጥሉት ጥቁር የበግ ፀጉር ካባ ነው። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ከአሮጊት አፍ ሲወጣ ስሰማ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ባለ ቆቡን የባላቸውን ካፖርት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? የሟች ልብስ ነው፣ እንዴት ይሰጣል? አልኩ። የአልጋ ልብስ እንደሆነ ቤቱ ሞልቷል። ግብፃውያኑ የአልጋ ልብሱን ሁሉ «ባጣኒያ» ነበር የሚሉት፤ በኔ አረብኛ ሌላ ስም አልነበረውም። ቀንጠብ ውስጥ በርኑስ ማለት ሰው የሚተኛበት የአልጋ ልብስ መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቢኖርም የምጠይቅ አልነበርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ሳልጠረጥር የመነጠርኩት ሌላ ሰው ነው።

ካፖርቱን ቁም ሳጥኑ ጥግ ውስጥ ሸሸግኩት። እሳቸው የቀትሩን ዙህር ሊሰግዱ ወደ ማዳም ክፍል ሲሄዱ ነጩን የአልጋ ልብስ አጣጥፌ ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ልጅቷ ጭምብሏን አድርጋ፣ አራት እርምጃ ርቃ ስልኳን ያዘች። «ፊትሽ አይታይም፣ እጅሽ ብቻ» አለችኝ። ምላጭ ይዤ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ተረተርኩት። ንፋሱ ገባበትና ላባው ተነሣ፤ ፊቴ ላይ፣ ሻርፔ ላይ፣ አፌ ውስጥ። ከዚያ እሷ እንዳዘዘችኝ ቀይ ቀለም በባልዲ አፈሰስኩበት። ላባው ድምፅ ሳያሰማ ረጠበና ተጣበቀ። በስልኩ ላይ መልሳ ስታሳየኝ ምላጭ የያዙ ሁለት እጆች አየሁ፣ ፊት የሌላቸው።

ማማ ዖዳ ከሰዓት፣ ከዓስር ስግደት በፊት ጋደም ይላሉ። ወጥ ቤት ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ወይን በርኑሲ? ወይን በርኑሲ?» በርኑሴ የት አለ ማለታቸው ነው። ሮጬ ገባሁና ካፖርቱን ከተሸሸገበት አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፣ እየሳቅሁ። አላዩትም። በሁለት መዳፋቸው ባዶውን ፍራሽ ይመቱ ነበር፣ በርኑሱ ያለበትን ቦታ።

ያን ጊዜ ገባኝ።

ማዳም መጣች። ልጅቷን ከታች ሆና ጮክ ብላ ጠየቀቻት፤ «አያቴ ራሷ ሰጥታኝ ነው፣ ያመጣችልኝን ጠይቂያት» የሚል መልስ ከፎቅ ወረደ። ማዳም ወደ እኔ ዞረች። ማማ ዖዳም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ቃሉ አልገባኝም፣ ተሳሳትኩ። በዚያ ሰሞን ከየቤቱ የወጡ የአገሬ ልጆች ኤርፖርቱ ተዘግቶባቸው አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው እንደሚተኙ በየቀኑ እሰማ ነበር። ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ነበር ብል ግን ሌላ ውሸት እጨምራለሁ። አስተርጓሚዋ አንዲት ቃል አቃታት መባሉ አሳፈረኝ።

«ማማ ምን አለችሽ?» አለች ማዳም።

«አዕጢሃ ኩል ሼይ አሉኝ» አልኩ። ቀሪውን ግማሽ ዋጥኩት።

ማዳም ተነፈሰችና እናቷን በሐዘኔታ አየቻቸው። «ናሲያ» አለች ቀስ ብላ፣ ረስታለች። ማማ ዖዳ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከኔ የሚመጣ ነገር ይጠብቁ ነበር። እኔ ካፖርቱን አጣጠፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን አልመለስኩትም።

ልጅቷ አያቷ በርኑሱን እንደሚፈልጉ ስታውቅ አለቀሰች። «አስጨነቅኳት፣ የሰጠችውንም ረሳችው፣ ሚስኪን» አለችኝ በበሩ ቀዳዳ። ላባው ቀለም ጠጥቷልና አይመለስም። ከሶፋ ትራሶች ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥጥ አውጥቼ ያንኑ ነጭ ጨርቅ ሞላሁት፤ ስፌቱን በነበረበት መስመር ሰፋሁት። እጄ ለስፌት ደህና ነው። ማንም አይለየውም አልን።

ማማ ዖዳ በአንድ ጣት ነው ያነሱት። «ሰቂል» አሉ፣ ከበደ። ከዚያም «አይሞቅም» አሉ። ማዳም «ያው እኮ ነው እማዬ፣ ታጥቦ ነው» አለቻቸው። እሳቸው ማዳምን አላመኑም፣ እኔን አዩ። «ያው ነው?» «ያው ነው ማማ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ናቸው ዛሬም የማይለቁኝ። እኚህ ሴት በቀንጠብ የሚያልፈውን ጀልባ ሁሉ ባለቤቱን ከነአያቱ የሚያውቁ፣ ወጥ ውስጥ ቅመም ሁለት ጊዜ ብጨምር ሳይቀምሱ ከሽታው ብቻ የሚነቁብኝ ነበሩ። እንዲህ ያለ አእምሮ ሲፈርስ አይቼ አላውቅም፤ ያፈረሰው ደግሞ ዕድሜ አልነበረም። መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ ያውቃሉ፣ ግን «እዚያ ነው ያስቀመጥኩት ወይስ መስሎኝ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። መድኃኒት ውጠው «ዋጥኩ?» ይሉኛል። ሰግደው «ሰገድኩ?» ይሉኛል። ማዳም አንድ ነገር ስትጠይቃቸው ወደ እኔ ያመለክታሉ፤ «እሷን ጠይቂ፣ እሷ ታስታውሳለች።» ምሳ ላይ የዓሣውን ጉንጭ ለይተው በሳህኔ ላይ ያኖሩልኝ ጀመር። «ኩሊ፣ ብዪ፣ አንቺ ነሽ ራሴ» ይሉኛል። እኔም እበላለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ፤ የኔ አፍ ግን ዝም ብሎ ዓሣ ይበላ ነበር።

ስንት ጊዜ ልነግራቸው እንደ ተነሣሁ አላህ ያውቃል። በር ላይ እደርሳለሁ፣ ኤሲው ይነፋል፣ እሳቸው ያንን የሐሰት በርኑስ እስከ አገጫቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። አንዲት ላባ ከላይ ከወንፊቱ ወጥታ ቀስ እያለች አልጋቸው ላይ ትወርዳለች። እለቅማታለሁ፣ በመዳፌ ውስጥ እደብቃታለሁ፣ እወጣለሁ። ዝይዋን የሚነጨውን እጅ በሕልሜ ማየት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ጓንቱን ሲያወልቅ የኔ እጅ ይሆናል።

የልጅቷ ቪዲዮ ግን ሰመረ። ሱቁ የፀጉር ካፖርቶቹን ከመስታወቱ ጀርባ እንዳነሣ አንዷ ጓደኛዋ በዚያ ስታልፍ አይታ ፎቶ ላከችላት። ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆማ ጮኸች፣ አጨበጨበች። ማማ ዖዳ «ምን ተገኘ?» አሉ። «ላባው ያንቺ ነበር እኮ፣ ያንቺ ስጦታ!» አለቻቸው ከላይ ሆና። ማማ ዖዳ ፈገግ አሉላት፤ ደስታዋን እንዳያበላሹባት ነው። እኔም ደስ አለኝ፤ ለዝይዎቹና ለቀበሮዎቹ በእውነት ደስ አለኝ። ወዲያው ወጥ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዒዱ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ ማማ ዖዳ ዓሣውን አሸተቱና «ሽታ የለውም» አሉ። ማዳምና አሁን ወርዳ አብራን የምትበላው ልጇ ተያዩ። ማዳም ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ዓሣውን አሸተትኩ፤ ይሸታል። «ይሸታል ማማ» አልኩ። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉ። በማግሥቱ «በረደኝ፣ በርኑሱ አያሞቅም» አሉ። ይህንን ሁለት ወር ሙሉ ሰምተነው የለም? ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። በሦስተኛው ቀን ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ «አይዞሽ እማዬ፣ ያው በርኑስሽ ነው» አለቻቸው ማዳም፣ ራሳቸውን በሻሻቸው ላይ ዳበስ አድርጋ ወጣች። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውኃ ላጠጣቸው ስደግፋቸው አንገታቸው እጄን አቃጠለው።

ሽታ መጥፋቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ በየቴሌቪዥኑ ሲነገር የከረመ ምልክት ነው። እኛ ቤት ግን ሁሉም ነገር ስም ወጥቶለት ነበር፤ መርሳት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

አምቡላንሱ ወሰዳቸው፤ ማንም አብሯቸው አልሄደም፣ አይፈቀድም ነበር። ከስንት ቀን በኋላ ነርሷ በስልኳ ምስላቸውን አሳየችን። ፊታቸው ላይ ያለው የኦክስጅን ላስቲክ ግማሹን ሸፍኖታል። ማዳም ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለችም። ማማ ዖዳ በእጃቸው ምልክት አደረጉ፣ ያቺን ጥሯት፣ እኔን ማለታቸው ነው። ስልኩን ተቀበልኩ። ነርሷ ላስቲኩን ትንሽ አነሣችላቸው።

«አና ዐጤት?» አሉኝ። እኔ ነኝ የሰጠሁት?

ማዳም ከኋላዬ ነበረች፣ ልጅቷ ከጎኔ። «ላ ማማ፣ አልሰጡም» ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ኤይዋ ማማ፣ እርስዎ ነዎት የሰጡት» የሚል ነበር።

«ኻላስ» አሉ፣ አለቀ። ዓይናቸው ከኔ ላይ ተነሣ። ቅሬታ አልነበረውም፤ የጠየቀውን አግኝቶ የሚሄድ ሰው ዓይን ነበር። በሁለተኛው ቀን ሞቱ።

የሰው ሐቅ በሰውየው አፍ ካልሆነ አይፈታም፤ በተውበት መጸጸት ለአላህ ነው፣ አፉ በሉኝ ለሰው ነው። ጾምኩ፣ ሰደቃ ሰጠሁላቸው፣ ሸክሙ ግን ያው ሆነ። ኤርፖርቱ ሲከፈት ልጅቷ ልትሄድ ሻንጣ ስታዘጋጅ ክፍሏ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳት። የቀንጠብን በርኑስና የኔን አገር በርኖስ፣ የዋጥኩትን ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ስልኩ ላይ ያልኩትን። የሚሉኝን ይበሉኝ ብዬ ነው የገባሁት፤ ትጩኽብኝ፣ ከቤት ታስወጣኝ ብዬ።

ልጅቷ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላና እጄን ያዘችኝ።

«ላ ሐቢብቲ» አለችኝ፣ አይደለም የኔ ውድ። «ሰጥታለች። አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ የነገርሽን። በጣም ስለምትወጃት ነው፣ ሐዘኑ ነው። ታዕባና ነሽ፣ ደክሞሻል፣ ናሲያ ሆነሽ ነው።»

ደግሜ ልናገር ብዬ ቃሉን ፈለግኩ። ማማ ዖዳ በትክክል ምን ነበር ያሉኝ? መጀመሪያ የመጣልኝ ግማሹ ብቻ ነበር፣ ለማዳም የተናገርኩት። ቀሪውን በእርግጥ ሰምቼዋለሁ? ለአንድ አፍታ አላወቅኩም።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ልጅቷ ራሴን ዳበሰችኝ። እኛም ማማ ዖዳን እንዲሁ ነበር የምንዳብሳቸው።